በሩ በስፒከር አይከፈትም

«መጡ! በሩን ያዙ!»

ሰርገኛው ገና ከመኪና ሳይወርድ ስፒከሩ ቀድሞ ደረሰ። ድም! ድም! ድም! የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሐረገ ወይን ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና ከጓደኞቿ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዛሬ ግን በመካነ ኢየሱስ ከተማ የእሷን ያህል ሥልጣን ያለው ሰው የለም። በር የሚይዙትን ልጃገረዶች የምትመራው እሷ ናት፤ ሙሽራዋ ደግሞ ታላቅ እህቷ ውባለም።

ውባለም አርብ ገበያ ከተማ መምህርት ናት። የምታገባውም እዚያው አብሯት የሚያስተምር የስማዳ ልጅ ነው። ጠዋት ሲለባብሱ እህቷን በመስተዋቱ ውስጥ እያየች፣ «ሐረግ፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» ብላት ነበር። «አምና ጓደኛዬ ስትዳር አይተሻል። ስፒከር ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ አለቀ። አንድ ሰው እንኳ ስሟን ጠርቶ አልዘፈነላትም። ስፒከር የማን ሰርግ እንደሆነ በምን ያውቃል? እኔን ግን ስሜን ሳይጠሩኝ እንዳታስገቢያቸው።»

«ሞቼ ነው በሩ የሚከፈተው!» አለች ሐረገ ወይን።

አፍ ሲናገር ቀላል ነው። ስፒከሩን ስታየው ግን ወኔዋ ተሰለበ። ቁመቱ ከወገብ በላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይሯሯጣል። የሚያጫውተው አሥረኛ ክፍል የሚማረው መልካሙ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ «ዲጄ» እያሉ የሚጠሩት ልጅ። ከፊቱ ዋናው ሚዜ ታፈረ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ይጨፍራል። ከሚዜዎቹ አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ራሱን እየቀረጸ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ከአፉ ትንፍሽ አይወጣም እኮ!

ልጃገረዶቹ ዘፈኑ፤ ማን ሰምቷቸው። ጮኹ፤ አሁንም ማን ሰምቷቸው። አክስታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ጆሯቸውን ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ኧረ በስመ አብ! ይሄ ዘፈን ነው የእህል ወፍጮ?»

«ሪሚክስ ነው አክስቴ፤ ኦሪጅናሉ ይሻላል» አለች ፍቅርተ፣ የሐረገ ወይን የልብ ጓደኛ። ከዚያ ወደ ሐረገ ወይን ዞራ፣ «ድምፄ አልቋል፤ እንክፈትላቸውና እንገላገል» አለቻት።

«ስሟን ሳይጠሩ? አይሞከርም!»

ይኼኔ ዘፈኑ አለቀ። ታፈረ መልካሙን፣ «የኔን ስልክ አገናኘው! እኔ ጋ የሰሞኑ ትሬንድ አለ» አለው። መልካሙ የራሱን ስልክ ከስፒከሩ አላቀቀ። ሐረገ ወይን ይሄን አየች። ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ ብሉቱዙን ከፈተች፤ የስፒከሩ ስም ቁልጭ ብሎ መጣላት። አላመነታችም፤ ነካችው። ስፒከሩ «ቱት!» ብሎ ከስልኳ ጋር ተገናኘ።

ከዚያ በኋላ ጭጭ።

መልካሙ ስልኩን ነካካ፤ እምቢ አለ። ስፒከሩን አጥፍቶ አበራው፤ ይባስ ብሎ ከሐረገ ወይን ስልክ ጋር ራሱ መልሶ ተገናኘ። «ምን ሆኖ ነው?» አለ ታፈረ። «እንጃ፤ አልገናኝ አለኝ» አለ መልካሙ ላቡን እየጠረገ። ሐረገ ወይን ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችና ደረቷን ነፋች።

«ታዲያ ምን ይገትራችኋል? በአፋችሁ ዝፈኑዋ!»

ሚዜዎቹ ተያዩ። ታፈረ ጉሮሮውን ጠረገና አንዱን ዘፈን ጀመረ፤ ሌሎቹም ተቀበሉ። እውነት ለመናገር አሪፍ ነበር! ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራ ጨሰ። ሁለት ስንኝ እንደዘለቁ ግን አንዱ ቀድሞ ዝም አለ፣ ሌላው ማጉረምረም ጀመረ፣ ታፈረ ብቻውን «ላላላ» እያለ ቀረ።

«ከዚያስ?» አለች ፍቅርተ።

«ቲክቶክ ላይ ያለው እስከዚህ ነው» አለ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የነበረው ሚዜ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ዘፈን ሞከሩ፤ እሱም ከመግቢያው አላለፈም።

«ሼም ነው!» ብለው ጮኹ ልጃገረዶቹ።

ታፈረ መነጽሩን አወለቀ። «ሙድ አትያዙብና! እስቲ እናንተ ጨርሱት!»

ይሄማ ምን ይከብዳል ብለው ጀመሩት። ሁለት ስንኝ... ሦስተኛው የለም! ሐረገ ወይን ወደ ፍቅርተ ዞረች፤ ፍቅርተ ወደ እሷ። ይሄን ዘፈን እኮ ሺህ ጊዜ ሰምተውታል፤ የሰሙት ግን ያችኑ ቁራጭ ኖሯል! አክስት ወለተ ጊዮርጊስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጉድ ፈላ! ሚዜውም ግማሽ፣ በረኛውም ግማሽ! ሙሽራይቱ ልታረጅ ነው!»

ሁሉም ሲስቅ መልካሙ ስፒከሩን ትቶ ወደ ፊት መጣ። ጆሮው ቀልቷል። ዓይኑን ጨፍኖ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን፣ እዚያው የገጠመውን አወጣ፦

«ውባለም መምህሯ በርሽን ክፈቺ፣
ዛሬን አርፍደናል አትቆጪን አንቺ።»

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌዎቹ ከዳሱ። ሚዜዎቹ የመጀመሪያዋን ስንኝ ቀለብ አድርገው አስተጋቡት። ሐረገ ወይንን ውርር አደረጋት። ስሟ ተጠራ! የእህቷ ስም! እሷም ዝም ማለት አልቻለችም፤ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ መለሰች፦

«መች በቀላል ያልፋል ያረፈደ ሰው፣
በደጅ ቆሞ ስሟን ሦስቴ ካልጠራው።»

«ውባለም!» አሉ ሚዜዎቹ እየዘለሉ። «ውባለም!» አለ ዳሱ በሙሉ። ሦስተኛውን ልጃገረዶቹም አብረው ጮኹት፤ የማን ወገን እንደሆኑ ረስተውታል። ሐረገ ወይን ዞር ስትል እህቷ በቬሉ ውስጥ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች ይባላል፤ ውባለም ግን ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። እልልታው ቀለጠ፤ በሩም ተከፈተ።

ሚዜዎቹ ገብተው ምሳ ሲቀርብ ሐረገ ወይን ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ፍቅርተም ተከተለቻት። ከዳሱ ጀርባ ታፈረ መልካሙን ይቆጣዋል።

«በሰው ፊት ጉድ ሠራኸኝ። ለቅዳሜው የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።»

«ጋሼ ታፈረ፣ ጠዋት እኮ ይሠራ ነበር...»

«በቃ አልኩህ!» ብሎት ወደ ቤት ገባ።

መልካሙ ስፒከሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ቁልፎቹን ይጫናል፣ ገመዱን ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል። ዓይኑ ቀልቷል። ሐረገ ወይን መቀነቷ ውስጥ ያለውን ስልክ ዳሰሰች።

ፍቅርተ ክንዷን ያዘቻት። «እንዳትሞክሪው! ካወቁ በር መያዛችሁ አይቆጠርም ይሉናል። 'ሌቦች' እያሉ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚሰድቡን። አንቺን ደግሞ አክስትሽ ቆዳሽን ነው የሚገፉት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተይዋ! የራሱ ጉዳይ ነው።»

«ስሟን መጀመሪያ የጠራው እሱ ነው እኮ፣ ፍቅርተ።»

ከቤት ውስጥ ጭብጨባው ደርቷል፤ ታፈረ የመልካሙን ግጥም የራሱ አስመስሎ ያወርደዋል። ሐረገ ወይን የውኃውን ጆግ ለፍቅርተ አስያዘቻትና ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ከቅድሙ በር መያዝ ይሄኛው ብሷል።

«መልካሙ።»

ቀና አለ።

«ስፒከርህ አልተበላሸም» አለችው፤ ስልኳንም ከመቀነቷ አውጥታ፣ ከስፒከሩ ጋር እንደተገናኘ፣ በእጁ ሰጠችው። «ታፈረን ጥራውና አብረን እንንገረው።»