የሐሙስ ላቬንደር

ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰመራ በሚገኘው በእትዬ መንበረ ግቢ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። በምሥራቁ ግድግዳ ጥግ፣ በሰሌን ጥላ ሥር፣ ለሁለት የተቆረጡ አሥራ ሁለት ቢጫ ጄሪካኖች ላቬንደር የሚባለው ባለ ሽታ አበባ ተተክሎባቸው ተደርድረዋል። መስኮት በሌለው እቃ ቤት ውስጥ አምስት እስር ሐምራዊ አበባ ከገመድ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ እያንዳንዱ አርባ ዘንግ። በግድግዳው ሚስማር ላይ አምስት የወረቀት ምልክቶች ቀርተዋል፦ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። እትዬ መንበረ ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸውና የሳምንቱን ምልክት እሁድ እሁድ አስቀድመው ይጽፉ ነበር። አበባውን ማለዳ ይቆርጣሉ፣ በጨለማ ያደርቃሉ፣ ፍሬውን አራግፈው በትናንሽ የአቡጀዲ ከረጢቶች ይሰፉና በየልብሱ ሳጥንና በየትራሱ ሥር ያኖራሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሬሳቸው እዚያው እቃ ቤት ወለል ላይ ተገኘ። ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ደፍ ጋር ተላትሟል፤ ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ።

ኢንስፔክተር ሉላ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ተመለከተች። የሞት ሽታና የላቬንደር ሽታ ተደባልቀዋል።

«ሰዓቱን አትጠይቂኝ» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «በቆርቆሮ ሥር፣ በዚህ ሙቀት፣ ሁለት ቀንም ይሆናል ሦስትም።»

«እኔ እነግርሻለሁ» አለ ሳጅን ጀማሉዲን። «ገመዱ ላይ ያሉትን እስሮች ቁጠሪ። የመጨረሻው እስር ሐሙስ ይላል። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ሚስማሩ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሐሙስን ቆርጠዋል፣ ዓርብን አላዩም። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ውሃ አመላላሹ አለሙ ከዚህ በር ሲመለስ ታይቷል። ሰኞ ዕለት ውሃ ደፋህ ብለው ሲቆጡት ጎረቤት ሰምቷል። ሰውየው እጃችን ላይ ነው፤ ረቡዕ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ፈጣን ነህ።»

«አልሀምዱሊላህ።»

«አላመሰገንኩህም» አለችውና ተንበርክካ ወለሉን ማየት ጀመረች። በሐሙሱ እስር ሥር ሰባት ዘንጎች ወድቀዋል። በሌሎቹ ሥር አንድም የለም። ቀና ብላ ስታይ ስድስቱ በቀጭን የጎማ ላስቲክ ታስረዋል። የሐሙሱ የታሰረው በነጭ ክር ነው። የተረፉት ላስቲኮችስ? በሟቿ የሽርጥ ኪስ ውስጥ አሥራ አንድ ተገኙ።

ሉላ ከረቡዑ እስር አንድ ዘንግ መዝዛ አጠፈችው። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከሐሙሱም መዘዘች። እሱም ቀጭ አለ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ጀማሉዲን።

«ገና አላወቅኩም። መቀስ ስጠኝ፤ አርባ ዘንግ ቆርጬ እዚሁ ልሰቅል ነው።»

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የአለሙ ሚስት ማሚት የሦስት ቀን ልጇን በነጠላ ሸፍና አፈር ላይ ተቀምጣለች። በአቅራቢያው ያለው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሥራ ሲያልቅ ከባሏ ጋር ሰመራ የቀረች ናት፤ ዘመድ የላትም።

«እሜቴ፣ ወተቴ እየነጠፈ ነው» አለች። «ሲወለድ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ነበር። አሁን ሳነሳው ይቀለኛል። ባሌ ካልወጣልኝ ማን ውሃ ያቀብለኛል? ማን ያበላኛል?»

ሉላ ገብታ አለሙን አስጠራች።

«ሐሙስ አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ» አለ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ዝም ሲሉኝ ውሃውን በር ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። አበባቸው ጋር ሲሆኑ አይመልሱም እኮ።»

«እንዴት እንደሚያስሩት ታውቃለህ?»

«በላስቲክ ነዋ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ።»

«ረቡዕ የት ነበርክ?»

አለሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ማሚት ምጥ ላይ ነበረች። ከማክሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ምሽት ከጤና ጣቢያው በር አልተነቃነቅኩም፤ አዋላጆቹን ጠይቂ። ግን ስለ ረቡዕ ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ሐሙስ፣ ሐሙስ ይለኛል።»

ሬሳውን ያገኘችው የሟቿ የእህት ልጅ ውብነሽ ነበረች። አዋሽ ከተማ ትኖራለች።

«መቼ መጣሽ?»

«ረቡዕ ማታ ከአዋሽ ተነሳሁ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሎጊያ ገባሁ።»

«እዚህ አጠገብ ደርሰሽ እስከ ቅዳሜ አክስትሽን አላየሽም?»

ውብነሽ ከንፈሯን ነከሰች። «ተኳርፈን ነበር። ቤቱን ሸጠው ወደኛ ይምጡ ብያቸው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ጓደኛዬ ቤት ሆኜ ልግባ አልግባ ስል ሁለት ቀን ፈጀሁ። ሁለት ቀን! ሐሙስ ገብቼ ቢሆን...» አልጨረሰችውም።

«አበባውን አብረሻቸው አስረሽ ታውቂያለሽ?»

«አንዴ በክር አስሬ ጆሮዬን ይዘውኛል። ‹ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ክሩ ላልቶ ይረግፍብሻል፣ ላስቲክ ግን አብሮት ይጠባል› ብለው።»

በሦስተኛ ደረጃ የተጠየቀው የግቢው ተከራይ ኡራኤል ነው፤ ሎጊያ የሚሠራ፣ የጭነት ወረቀት የሚያዘጋጅ የትራንዚት ጸሐፊ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደዚያው።

«ረቡዕ በስድስት ሰዓት ከጭነት መኪና ጋር ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ጋላፊ ወጣሁ። የተመለስኩት ዓርብ መሽቶ ነው፤ ሾፌሩ ይመሰክራል። ስወጣ እትዬ ደህና ነበሩ።»

«እትዬ መንበረ እርስዎ ክፍል ይገቡ ነበር?»

«በጭራሽ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ሉላ ከእቃ ቤቱ ያነሳችውን የሟቿን የዕለት ሥራ ደብተር ገለጠች። በማክሰኞው ገጽ ግርጌ በጥንቃቄ ተጽፏል፦ «የኡራኤል ሳጥን፣ ከረጢት ተቀየረ።» ደብተሩን ዘጋች።

እሁድ፣ ሰኞ፣ በየማለዳው እቃ ቤት እየገባች ከሰቀለችው እስር አንድ ዘንግ መዝዛ ታጥፋለች። እሁድ ተለመጠ። ሰኞም ተለመጠ። ከጣቢያው በር የሕፃኑ ለቅሶ በየቀኑ እየቀጠነ ይሰማታል። ሰኞ ከሰዓት ግን ምንም አልሰማችም፤ ሮጣ ወጣች። ልጁ ተኝቶ ነበር። ሉላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ነገም ከተለመጠ ሌላ የያዘችው ነገር የለም።

ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሁሉንም በእትዬ መንበረ ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ አለሙ በካቴና፣ ማሚት ልጇን አቅፋ፣ ውብነሽ በጥቁር ልብስ፣ ኡራኤል ሰዓቱን እያየ።

«ይህን የቆረጥኩት ቅዳሜ ነው» አለች ሉላ እስሩን አንስታ። «ትናንት፣ ሁለት ቀን ሲሞላው፣ ተለመጠ። ዛሬ ሦስት ቀኑ ነው።»

አጠፈችው። ቀጭ!

«በዚህ ክፍል ዘንጉ የሚሰበረው በሦስተኛው ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሐሙሱ እስር ገና ሁለት ቀኑ ነበርና መለመጥ ነበረበት። እሱ ግን እንደ ረቡዑ ተሰበረ። ስለዚህ ያኔ ሦስት ቀን ሞልቶት ነበር፤ ሁለቱም የተቆረጡት ረቡዕ ነው።»

«ምልክቱ ግን...» አለ ጀማሉዲን።

«ምልክቱ እሁድ ተጽፎ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ማንም ማውረድ ይችላል። እትዬ መንበረ የሞቱት ረቡዕ ነው። ገዳዩ አንድ እስር ጨመረና የሐሙስን ምልክት አሰረበት፤ አንድ ቀን የኖሩ እንዲመስል። ግን በክር አሰረው። አለሙ ላስቲክ ቆራጩ ነው፣ በክር አያስርም። ውብነሽ በክር ተቀጥታለች። ላስቲኩ ሟቿ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ገዳዩ ሬሳቸውን መንካት ፈራ። አበባው ሲታሰር አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሉላ እስሩን ለጀማሉዲን ሰጠችው።

«ረቡዕ አለሙ ጤና ጣቢያ ነበር፤ አዋላጆቹ አረጋግጠዋል። ውብነሽ ቀኑን አዋሽ ነበረች፤ ትኬቷ እንደሚያሳየው የተሳፈረችው ማታ ነው። ሞቱ ሐሙስ ከሆነ ነጻ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ረቡዕ በስድስት ሰዓት የሄደው።»

ኡራኤል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለአበባ ብዬ ሰው ልግደል?»

«ለዚህ ነው» አለች። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በፍርድ ቤት ፈቃድ ከሳጥኑ ያወጣችውን የአቡጀዲ ከረጢት ዘረጋች። በነጩ ጨርቅ ላይ ክብ፣ ሰማያዊ የማህተም ቀለም ታትሟል። «ማክሰኞ እትዬ መንበረ በትርፍ ቁልፍ ክፍልዎ ገብተው አሮጌውን ከረጢት በአዲስ ቀየሩ። እርስዎ ከልብሱ ሥር የደበቁትን ሐሰተኛ የትራንዚት ማህተም አዩ፤ ገና እርጥብ ነበርና አዲሱ ከረጢት ላይ ታተመ። እርስዎ ማህተሙን አሽሽተዋል፤ ከረጢቱን ግን አላስተዋሉትም።»

ኡራኤል ጄሪካኖቹ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እስከ ሐሙስ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አሉኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አበባቸውን መስቀል ቀጠሉ። ክንዳቸውን ይዤ ሳብኩ፤ በርጩማ ላይ ቆመው ነበር፣ ወደቁ። ስድስት ዓመት ሸሚዜ ላይ የአበባቸውን ሽታ እያሸተትኩ ሥራ ሄጃለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አስቤ አላውቅም።»

ረቡዕ በአራት ሰዓት ከሃያ አለሙ ተፈታ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለው ጀማሉዲን። «ወላሂ፣ ወረቀቱ አሳስቶኝ ነው።»

«የያዝከኝ አንተ እንጂ ወረቀቱ አይደለም፣ ሳጅን» አለና ልጁን ከማሚት ክንድ ተቀበለ። ገና ስም አላወጡለትም ነበር። ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።

የዕለቱ መዝገብ የሕፃኑን ክብደት ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ አሥር ግራም ይላል፤ በሳምንቱ ረቡዕ ደግሞ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ሰማንያ።