የግራ ታኮዬ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን በገዛ እግሬ የገባሁበትን ነው የምነግራችሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ ነው።

አያቴ ጫማ ሰሪ ነበር። አውራ ጣቱን መዶሻ ጠፍጥፎታል። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሰው የሚለየው ጫማ ዳብሶ ነው። የኔ የግራ ታኮ ሁሌም በውጪ በኩል ይበላል።

"አንተ ጠማማ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ክፉ ቃል ተናግሬው ከቤት ወጣሁ። አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም። አሁን ሞተ ተብሎ ለቀብሩ ስመጣ አንጀቴ አሮ ነበር። ይቅር በለኝ አላልኩትማ!

በሩን አክስቴ ከፈተችልኝ። ፊት ትነሳኛለች ብዬ ስፈራ...

"የት ጠፍተህ ነው? ግባ እንጂ!"

ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅሁ። አጠገቡ ሌላ ጥንድ አለ። ቁርጥ የኔን ጫማ። የግራው ታኮ ግን አዲስ ነው... ማስቲሹ ገና ይሸታል።

"አክስቴ፣ ይሄ የማነው?"

"ያንተ ነዋ! አባባ ከአልጋው ተነስቶ የጠገነልህ።"

"መቼ?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ምን ነካህ? ሳምንቱን ሙሉ አጠገቡ ነበርክ... እጅህን ይዞ 'ይቅር ብዬሃለሁ' እንዳለህ አይደል ያረፈው?"

እኔ ከአውቶቡስ የወረድኩት የዚያኑ ሐሙስ ጠዋት ነው።

ያ ይቅርታ የኔ ነበር። ማነው የወሰደብኝ?

ሳሎን ገባሁ። ዘመዶቼ የሬሳ ሳጥኑን ከበው ተቀምጠዋል። በራስጌው በኩል አንድ ወንበር ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ሹራብ ተሰቅሏል...

የኔ ሹራብ። ቤቴ ውስጥ ቆልፌበት የመጣሁት!

"ቦታህ ነው፣ ተቀመጥ" አለ አጎቴ በሹክሹክታ።

አልተቀመጥኩም። ወደ በሩ ሮጥኩ።

የቱን ጫማ ላድርግ? የራሴን ትቼ የተጠገነውን አነሳሁ። የአያቴ እጅ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ እሱን እንኳ ልውሰድ ብዬ።

ልኬ ነው።

ውስጡ ግን ይሞቃል... አሁን የወለቀ ጫማ።

ደረጃውን ወርጄ ዞር አልኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ከጨለማው ኮሪደር አንድ እጅ ብቻ ወጣ። አውራ ጣቱ የተጠፈጠፈ።

ትቼው የወጣሁትን አሮጌ ጫማ አነሳ። የተበላውን የግራ ታኮ ቀስ አድርጎ ዳበሰው።

"አንተ ጠማማ... አሁን ነው የምትመጣው?"