አምስተኛው ሰሚ

እጇን ወደ ድንቹ ጆንያ ስትከት ጣቶቿ ብረት ነኩ።

ሻጭ መስሎ የቆመው ሰው ቀና አላለም። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል።

«ምረጪ እናት! የቆሰበር ድንች ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢያስቀምጡት ይበስላል!» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ከሰዓት። ከዋናው ማሽን ጀርባ ሰኪው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወለልሽን ወልውይ።»

ትንሹን የብረት ፍላሽ ከሦስት ድንች ጋር ወደ ዘንቢሏ ከተተች። ዞር ብላ አላየችም።

ሰውየው ዓለምነው ነው፤ የስለላ አለቃዋ። በሥራ ስሙ «አጎት» ይባላል። እሷ «ድርጭት» ናት። ለእንጅባራ ሰው ግን ወርቅአየሁ ናት፤ ፊደል ያልቆጠረች ጽዳት ሠራተኛ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው አጎት ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አንዳንድ ቀን ለራሷም አይመጣላትም።

የምታጸዳው ቤት የመርከብ አነዳድ ማሰልጠኛ ነው። ባሕር በሌለበት ደጋ፣ ጉም መስኮቱን በሚልስበት ክፍል፣ ሦስት ትልልቅ ማያዎች ላይ ማዕበል ይንቀጠቀጣል። እዚህ አንዱ ሠልጣኝ መሪውን ያዞራል፤ በሦስት የወደብ ከተሞች ያሉ ሠልጣኞች የእሱን መርከብ በየማያቸው ያዩዋታል፤ እሱም የእነሱን ያያል።

2004 ዓ.ም. ነበር፤ የባሕር ወንበዴ መርከብ የሚያግትበት ጊዜ። ሐሙስ ዕለት አንዲት የጭነት መርከብ ሃያ ሁለት ባሕረኞች ይዛ ወንበዴ በሚያደባበት ጠባብ ውኃ ልታልፍ ነው። የምታልፍበትን ትክክለኛ መንገድ አራቱ ክፍሎች ረቡዕ ይለማመዱታል። መንገዱን ለወንበዴዎች የሚሸጥ ሰው አለ። አጎት «አስተማሪው ይሄነው ነው። ፍላሹ ያጋልጠዋል» ብሏታል።

ከሰዓት በኋላ ይሄነው ብቻውን ነበር። ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው።

«እትዬ ወርቅአየሁ፣ ባሕሩን አይወልውሉት፤ ይደርቅብናል!»

«ይህ ሁሉ መርከብ እንዴት ይሰማማል ልጄ?»

«የአባቴን የፈረሰኞች ማኅበር ያውቁታል? አለቃው አባቴ ቤት ለቤት አይዞርም። ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይጣራል፤ ማኅበርተኛ የሆነ ሁሉ ይሰማል። መርከባችንም ያለችበትን ቦታ አንድ ጊዜ ትናገራለች፤ የገባ ሁሉ ይሰማታል። ኢንተርኔቱ እንዲህ ያለ የጋራ ጥሪ አያሳልፍም። ስለዚህ በየከተማው መካከል ቦይ ቀደንለታል።»

ያን ጊዜ መስመሩ ተቋረጠ። በማያው ላይ ያለችው የሩቅ መርከብ ግን መሄዷን ቀጠለች።

«ይቺስ ለምን አልቆመችም?»

«በመጨረሻ በሰማነው ፍጥነትና አቅጣጫ፣ በግምት እናስኬዳታለን። ድምጿ ከዘገየ ትጠፋለች።»

መስመሩ ተመለሰ። እሱ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

በጥጉ ማያ ላይ የሰሚዎች ዝርዝር አለ። አራት መስመር። ጎንበስ ብላ ፍላሹን ሰካች። ቀና አለች።

አምስት።

ሌባው ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አምስት ሆኖ ይጠብቃት ነበር። በሩን የከፈተችለት ራሷ ናት። ፍላሹን የሰጣት ደግሞ አጎት ነው።

ምንም አልተሰማትም። ወለሉን ወለወለች።

አሥር ሰዓት ላይ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ገብታ እመቤት አጠገብ ተቀመጠች። እመቤት ድንች ነጋዴ ናት፤ ልጇ ቢሻው ባሕረኛ ነው። አማርኛ የሚጽፍ ስልክ ልኮላታል፤ ማንበብ የምትማረውም ለዚያ ነው።

«ወርቄ፣ እርሳሱን እንደ ማማሰያ አትጨብጪው እንጂ! የሞኝ ተማሪ!» አለቻት። ቀጥላ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ሐሙስ ወንበዴ ባለበት ውኃ ያልፋሉ አሉ። እናት መሆን ክፉ ነው። ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ተገላግለሻል» አለችና እንዲህ በማለቷ ደንግጣ እጇን ያዘቻት።

በማግስቱ ወርቅአየሁ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ከይሄነው ፊት ቆመች። የአምስተኛውን ሰሚ አድራሻ፣ ሁሉንም ቁጥር፣ ከማያው ላይ አነበበችለት።

ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማንበብ ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

«ማነዎት?»

«ብነግርህ አይጠቅምህም። ጥሪውን ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው እየሰማው ነው። እንዝጋው?»

ይሄነው ወደ ዝርዝሩ ጠጋ አለ። «አንዘጋውም። አባቴ የፈረስ ሌባ አጥር ሥር አድብቶ እንደሚሰማ ሲጠረጥር፣ ለማኅበርተኞቹ ቀድሞ በጆሯቸው ይነግራቸውና ከኮረብታው ላይ የውሸት ቦታ ይጠራ ነበር። በዚያ ቦታ የሚገኘው ሌባው ብቻ ነው።»

ለሦስቱ ክፍሎች ስልክ ደወለ። በጆሯቸው ነገራቸው። እሷም በሕይወቷ አንዴ ብቻ እንድትጠቀምበት በተሰጣት ቁጥር ወደ ስለላው ዋና መሥሪያ ቤት ደወለች።

ረቡዕ መርከቧ በማያው ላይ ከደሴቲቱ በስተደቡብ አለፈች። እውነተኛው መንገድ በሰሜን ነበር። አንድ ጊዜ ተጣራች። አምስቱም ሰሙት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት። ጥርባ ከሚባለው ሐይቅ በላይ። አጎት ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰክተሽዋል?»

«ሰክቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ መርከቧ ለምን በደቡብ አላለፈችም?»

ዝናቡ ጃንጥላውን ይደበድባል።

«ስለ ደቡብ ለእርስዎ የነገረዎት ማነው?»

ጃንጥላውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ።

«እኔ አልነገርኩዎትም። ደቡብ የተባለው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ለሰሚዎቹ ብቻ።»

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ።

አንዲት ባጃጅ ከኋላው ቆመች። ሁለት የዋና መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወረዱ። እጁ ኪሱ ሳይደርስ ቀረ።

አልታገለም። እንዲያውም ፈገግ አለ። «አንድ ነገር አስቢ። የአንቺ መዝገብ በእኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። እኔ ከታሰርኩ አንቺ ማን ነሽ?»

«አውቃለሁ» አለች።

አርብ ጠዋት ወደ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደወለች። «ድርጭት የሚባል ሰው በመዝገባችን የለም» አሏት። ስልኳን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለችው።

አሥር ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ እመቤት በጣቷ እየተከተለች ከስልኳ ታነባለች። «እ–ማ–ዬ። ደ–ህ–ና። አ–ለ–ፍ–ን።» እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች።

ወርቅአየሁ የተጻፈውን ከሩቅ፣ ገና ስትገባ አንብባው ነበር።

«ምን ይላል?» አለች።

«አልፈዋል ይላል! ራሴ አነበብኩት! አይዞሽ፣ አንቺም ታነቢያለሽ። እኔ አስጠናሻለሁ፤ ሰኞ ቀደም ብለሽ ነይ።»

«እመጣለሁ።»

ሰኞ የወርቅአየሁ ወንበር ባዶ ነበር። ሚኒባስ ዳንግላ ከተማ አውርዷት ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ በመጨረሻ በያዘችው አቅጣጫ ነው የሄደችው። ለጎልማሶች ትምህርት የሚመዘግበው መምህር መነጽሩን ከፍ አደረገ።

«ስምዎት እናቴ?»

እውነተኛ ስሟ አልመጣላትም።

«ዋጋዬ» አለች።

እርሳሱን እንደ ማማሰያ ጨብጣ «ሀ»ን አጣማ ጻፈች።