ላላ ያለችው ያዥ

ዘውገ ቁልፉን ያስቀመጠበትን፣ የልደቱን ቀን፣ አንዳንዴም ጫማውን ይረሳል። የሥራ ባልደረባው መንበሩ የሰደበውን ግን ከነሰዓቱ ያስታውሳል። ሚያዝያ 9 ቀን 2131፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ጨረቃ ላይ፣ የዕቃ መርከቧ ስትራገፍ። ዘውገ የብሎን ሣጥን ክዳኑን ሳይዘጋ ተሸክሞ ብሎኑን በየመንገዱ ዘራው። «ትከሻህ ላይ ያለው ጭንቅላት ነው ወይስ ወንፊት?» አለው መንበሩ፣ በአርባ ሰው ፊት። አርባው ሳቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ዘውገ መልሱን ያኔ አላገኘውም። በኋላ አገኘውና ጢሙን በተላጨ ቁጥር ሲስለው ኖረ።

አሁን መንበሩ በጨረቃዋ ከተማ የአየር ክፍል አለቃ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰው ዘውገ ደግሞ ለከተማዋ አየር የሚሠራ አረንጓዴ ውሃ የተሞሉ ጋኖችን ይጠብቃል።

ሃምሳ ሲሞላው ሚስቱ እታፈራሁ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ዶክተር ሐመልማል ግማሽ ቀን ስትጠይቀው ዋለችና ኤዲኤችዲ ነው አለች፤ ልብ አንድ ቦታ አልረጋ የሚልበት፣ ከልጅነት አብሮ የኖረ የአእምሮ አሠራር። ስንፍና እንዳልሆነ ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እታፈራሁ መሐረብ አቀበለችውና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

መድኃኒት ተሰጠው። እጁ ላይም ያዥ ታሰረችለት፤ ሐሳብ ሲሸፍት አንጓን ነካ የምታደርግ ቀጭን አምባር ናት። ሐኪሟ ላላ አድርጋ አስተካከለቻትና እንድታስታውሰው የሚፈልገውን ሦስት ነገር ብቻ አስመረጠችው። መድኃኒቱን፣ ቧንቧ መዝጋቱንና ከእታፈራሁ ጋር ምሳ መብላቱን መረጠ።

«ልብዎን አናስረውም፣ ጋሼ» አለችው። «ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ብቻ እናሳየዋለን።»

ኑሮው ተቃና። ቁልፉ በር ላይ በክር ተንጠለጠለ። አሰልቺውን የሥራ ቅጽ ሲሞላ እታፈራሁ አጠገቡ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። መቀመጧ ይበቃዋል።

መንበሩ ይህን አየና ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ፣ ለራሱም፣ ያዥ አሳሰረ፤ የሁሉንም ግን ከዘውገ ያዥ ይልቅ አጠበቃት። ዓይኑን ከሥራ ዝርዝሩ ላይ ያነሳውን ሁሉ ትነካለች።

አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ የሦስተኛው ጋን ፓምፕ አንድ ምት ዘለለ፤ ቀጥሎ ሁለት። የክፍሉ ሃያ ሠራተኛ ሁሉ ሰምቷል። ቀና ባሉ ቁጥር ግን ያዣቸው እየነካች ወደ ዝርዝራቸው መለሰቻቸው፤ የፓምፑ ድምፅ የማንም ዝርዝር ላይ አልነበረም። ዘውገ ብሎን ሊያመጣ ወጥቶ፣ ብሎኑን ረስቶ፣ ጋኑ ላይ ጆሮውን ደቅኖ ቆሟል። የሦስተኛው ጋን አየር የሚሄደው እታፈራሁ ወደምታዋልድበት ክፍል ነው።

ማንንም አላስፈቀደም። ተጠባባቂውን ፓምፕ አስነሳ፤ የታመመውን ዘጋ። ወዲያው ለእታፈራሁ ደወለላት። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«አየሩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ምን ሆነሃል አንተ? ምሳ እንዳትረሳ።»

መንበሩ መጣ። ፓምፑን አየ፤ ያቀረቀሩትን ሃያ ሰዎች አየ። እሱም ድምፁን ሰምቶት እንደነበር ቀስ ብሎ ተናገረ። የራሱን ያዥ ፈታ።

«ዘውገ፣ ያኔ መርከቧ ስትራገፍ ወንፊት ያልኩህ... ታስታውሳለህ?»

ዘውገ አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተሳለው መልስ ምላሱ ላይ ነበር። ሃያው ሰው ቀና አለ። ያዦቹ ሁሉ ነኳቸው፤ አንድም ሰው አላቀረቀረም።

ይህን ጊዜ የእሱም አንጓ ነካ ነካ ተደረገ። ምሳ።

ዘውገ አምባሯን ዳበስ አደረገና ወደ ማዋለጃው የሚወስደውን መንገድ ያዘ።