ከአራቱ ፎቶዎች አንዱ

አቶ ባን ዶንግሱ ከቆጡ በሚያወርደው ጠባብ የእንጨት ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ። አንገታቸው ተሰብሯል። ዙሪያቸውን የቆዩ ፎቶዎች ተበትነዋል፤ የብስኩት ቆርቆሮ አጠገባቸው ተገልብጧል። የቶንግዮንግ ወደብ ፖሊሶች «ሽማግሌው ቆርቆሮውን ተሸክመው ሲወርዱ አዳልጧቸው ነው» ብለው ሊሄዱ ሲሰናዱ መርማሪ ታክ ኢንጃ ደረሰች።

ኢንጃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት። ጫማዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ ገባችና ከአስከሬኑ ጎን ተንበረከከች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች ጀርባቸውን አየች። ሁሉም ላይ በእርሳስ ዓመት ተጽፎባቸዋል።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። የሟቹ አንድያ ልጅ ሃራም፣ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ የሆኑት ሽማግሌው ቹ ጂልሱ፣ እንዲሁም የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ሜንግ ቴግዩ። ሦስቱም የቤቱ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ።

ኢንጃ መጀመሪያ ሃራምን ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ወሰደቻት።

«አባትሽ በእነዚህ ፎቶዎች ምን ያደርጉ ነበር?»

«የእናቴን ፎቶዎች ሻጋታ ሳይበላቸው ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባቸው ብሎ ነው። ስካነሩን የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ አሠራሩንም ያሳየሁት እኔ ነኝ።» ስካነሩን በእጇ ዳበሰች። «እናቴ የሞተችው ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። የወደቡ በዓል ቀን ብቻዋን በጀልባ ወጥታ ሰጠመች።»

«ማንም አብሯት አልነበረም?»

«ማንም። አባቴ ሥራ ላይ፣ አጎቴም ቡሳን ከተማ ነበር።»

«እስቲ አሠራሩን እንደ እሳቸው ሆነሽ ንገሪኝ።»

«ስካን ያልተደረጉት ቆጥ ላይ ናቸው። ያወርድና አራት አራት እያደረገ መስታወቱ ላይ ይደረድራል። ኮምፒውተሩ ሙሉውን ገጽ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ከዚያ እያንዳንዷን ፎቶ ቆርጦ በየዓመቷ ፎልደር ውስጥ ይከታል። ሲጨርስ ጀርባዋ ላይ ዓመቱን ይጽፍና እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያስቀምጣታል።»

«የተጻፈባት ፎቶ ወደ ቆጥ አትመለስም?»

«በጭራሽ! ጋሽ ቹ አንዴ ተሳስተው ወደ ቆጥ ቢመልሱ ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፋቸው ነው የዋለው።»

ቀጥለው የተጠየቁት ሽማግሌው ቹ ናቸው። ሰው ፎቶ ማሳተም እስኪተው ድረስ የከተማው ፎቶ ቤት የእሳቸው ነበር።

«ትናንት አባረረኝ» አሉ።

«ተጣላችሁ?»

«እኛ? እኛ የምንጣላው በባዱክ የጠጠር ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱንም ስለሚያጭበረብር! ትናንት ግን አንዷን ፎቶ እያሰፋ፣ እያሰፋ ሲያይ ፊቱ ከሰል መሰለ። ‹ቹ፣ ዛሬ ወደ ቤትህ ሂድልኝ› አለኝ።»

«ምን ፎቶ ነበር?»

«ልጄ፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ብርሃን እንጂ ሌላ አይታየኝም።» ወደ ደረጃው ዞረው «ባልሄድ ኖሮ…» አሉ። አልጨረሱትም።

ቴግዩ ሰፋፊ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የጀልባው ናፍጣ ይሸታል።

«ካለፈው የእህቴ ሙት ዓመት ወዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም» አለ ገና ሳትጠይቀው።

«ኮምፒውተር ላይስ እንዴት ነዎት?»

«በዚህ ዘመን ጀልባም በኮምፒውተር ነው የሚነዳው፣ እመቤቴ። ምነው?»

«ከፎቶዎቹ አንዱ የጠፋ ይመስለኛል።»

ቴግዩ ሳቅ አለ። «አሁን አንድ አሮጌ የበዓል ፎቶ ጠፋ ተብሎ ሰው ይጠየቃል?»

ኢንጃ የገብስ ሻይዋን አንዴ ፉት አለችና አመስግናው ተነሣች።

ከሃራም ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። በመጨረሻ የተሠራበት ዓመት ፎልደር ውስጥ ከአንድ ገጽ የተቆረጡ ሦስት ፎቶዎች ብቻ አሉ። ሙሉው ገጽ ሲከፈት ግን አራት ነበሩ። በአራተኛው ላይ ጥርሷ የወለቀ ሕፃን የስኳር ጥጥ ይዛ ትስቃለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሃራም። «የዚያን ቀን… የበዓሉ ቀን ጋሽ ቹ ያነሡኝ ነው።»

ኢንጃ ከሕፃኗ ትከሻ በስተጀርባ ያለውን አሰፋችው። መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ የጉንዳን ያህል የነበሩት ሰዎች ፊታቸው ተለየ። ኢንጃ ስክሪኑን በእጇ ከለለችው።

«ሃራም፣ ከማየትሽ በፊት ልብሽን አጽኚ። ከዚያ ሁለቱን ጥሪልኝ።»

አራቱም ኮምፒውተሩ ፊት፣ ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ተቀመጡ። ሃራም ዓይኗን ከአጎቷ ላይ አላነሣችም።

«አቶ ዶንግሱ ቆርቆሮ ይዘው ከቆጥ ሲወርዱ ወደቁ ተባለ» አለች ኢንጃ። «ቆጥ ላይ ያሉት ግን ጀርባቸው ባዶ የሆኑ ፎቶዎች ናቸው። የተበተኑት ሁሉም ተጽፎባቸዋል። ስለዚህ ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥን አውጥቶ የበተነው ሌላ ሰው ነው። ሃራም ሥርዓቱን ያወጣችው ራሷ ናት። ጋሽ ቹንም አቶ ዶንግሱ በዚሁ አኩርፈዋቸው ያውቃሉ። ሁለቱም ይህን ስሕተት አይሠሩም።»

«ሌባ ሊሆን ይችላል» አለ ቴግዩ።

«ሌባ ኮምፒውተሩን ትቶ አንድ ፎቶ ይሰርቃል? ያ ሰው ወረቀቱን ወሰደ፤ ተቆርጦ የተቀመጠውንም አጠፋ። ሙሉው ገጽ ለብቻው እንደሚቀመጥ ግን አላወቀም። እኔ ደግሞ አንድ ፎቶ ጠፋ እንጂ የበዓል ፎቶ ጠፋ አላልኩዎትም። የበዓል መሆኑን ማን ነገረዎት?»

 ኢንጃ ስክሪኑን አዞረችው። ከሕፃኗ በስተኋላ፣ ከወደቡ በሚወጣ ጀልባ ላይ፣ የሃራም እናት መሐረቧን ታስራለች። መሪውን የያዘው ወጣቱ ቴግዩ ነው፤ ጠርሙስ በእጁ ይዟል።

«የዚያን ቀን ቡሳን ነበሩ ተብሎ ነበር» አለች ኢንጃ።

የቴግዩ ትከሻ ወረደ።

«ሰክሬ ነበር። ጀልባዋን ከድንጋይ ጋር አጋጨኋት። እኔ ዋኝቼ ወጣሁ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ትናንት ዶንግሱ ጠራኝና ‹ለሃራም ራስህ ንገራት› አለኝ። ‹የዚያን ቀን ሌሎች ፎቶዎችም ቆጥ ላይ አሉ፣ አመጣቸዋለሁ› ብሎ ደረጃውን ሲወጣ… እግሩን ሳብኩት። ላስቆመው ብዬ ነበር።»

«አንተ አውሬ!» አሉ ቹ። 

ሃራም ግን ተንፏቃ ወደ አጎቷ ቀረበች። ትምህርት ቤት ሲያደርሳት፣ ሠርጓን ሊደግስላት ቃል ሲገባላት የኖረ ሰው ነው።

«አጎቴ» አለችው በቀስታ። «ስትሰጥም ጠራችህ?»

ቴግዩ መዳፉን ከፊቱ አወረደ።

«እኔን አይደለም» አለ። «አንቺን ነበር የምትጠራው። እስከ መጨረሻው ‹ሃራም› ትል ነበር።»

ሃራም ወለሉ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ከውስጧ የወጣው ድምፅ ደጅ ድረስ ተሰማ፤ ፖሊሶቹ በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ ታክ ኢንጃ በእጇ አስቆመቻቸው። ልጅቷ አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ ከዚያ ቤት ማንም አልወጣም።