የዳርማ ሐሞትና የንጉሡ እዝን

የሰማይ መስኮቶች ቢጫ ሆነው ያደሩበት ቀን በኤርጋዝ መንግሥት እስከ ዛሬ ይነገራል።

ኤርጋዝ እንደ ሌላው አገር በምድር ላይ የተዘረጋች አይደለችም። ዳርማ የምትባል ግዙፍ ሴት ዓይኗን ገልጣ ከጥንት ጀምሮ ተኝታለች፤ መንግሥቱ የተመሠረተው በእርሷ አካል ውስጥ ነው። ሕዝቡ ከውጭው ዓለም እህል፣ ወተትና ቅቤ እየሰበሰበ በአፏ በር ያስገባላታል፤ እርሷም በሙቀቷ ታኖረዋለች። ቃል ኪዳናቸው ይህ ነበር። የአገሩ ብርሃን የሚገባው በሁለት ነጫጭ መስኮቶች ሲሆን፣ መስኮቶቹ የዳርማ ዓይኖች ናቸው።

እነዚህን መስኮቶች ማለዳ ማለዳ የምትወለውለው ሐመልማል የምትባል ወጣት ነበረች። ሥራውን የወረሰችው ከእናቷ ነው። በዚያች ማለዳ እርጥብ ጨርቋን ይዛ ብትወጣ መስኮቱ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ጠበቃት። ወለወለችው፤ ደግማ ወለወለችው። ጨርቁን ገልብጣ ብታየው ንጹሕ ነው። ቢጫው ከውስጥ ነበር።

ያን ጊዜ ሰሞኑን ያስተዋለቻቸው ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ መጡባት። ዳርማ በእንቅልፏ ቆዳዋን ታካለች፤ ባከከች ቁጥር ቤቶች ይናወጣሉ። የሽንቷ ወንዝ ጠቁሯል። ከታችኛው በር የሚወጣው አፈር ግን ቀለሙ ጠፍቶ እንደ አመድ ነጥቷል። ሐመልማል ይህን ሕመም ታውቀዋለች። የእናቷም ዓይን ከመሞቷ በፊት እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ነበር። ያኔ «ለምን?» ብላ ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጊዜዋ ደርሶ ነው» እያለ ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት አለፈ። ጥያቄው ግን አላለፈም።

ጨርቋን እንደያዘች ወደ ቤተ መንግሥት ሮጠች።

ንጉሥ ደርመን ጥቁር ለብሶ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ንግሥት ሶርያት ካረፈች ጀምሮ ሌላ ልብስ ለብሶ አያውቅም። በቀብሯ ዕለት «ሐዘኔ እስኪያልፍ ድረስ በዳርማ አፍ ቅቤ አይግባ፤ ወተትም ሥጋም አይግባ» ብሎ ምሎ ነበር፤ ሐዘኑ ደግሞ አላለፈም። ዓመታት ሄዱ። አገሩም ዳርማም ንፍሮና ውሃ እየቀመሱ ኖሩ፤ የቅቤ ሽታ የማያውቁ ልጆች አደጉ።

በአደባባዩ የተሰበሰበው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ «ከጉበት ተራራ ወደ አንጀቷ ሸለቆ የሚወርደው አረንጓዴ ወንዝ ደርቋል። ዘንዶ ገብቶ ሐሞቱን ጠጥቶታል።» ሐመልማልም አመነች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ማን ይሄዳል?» አለ ንጉሡ።

«እኔ» አለች ሐመልማል። «ሐሞቱ ወዴት እንደ ሄደ ሳላውቅ ወደዚህ አልመለስም። መስኮቶቹን ነጭ አድርጌ ካላሳየሁዎ እጄ ጨርቅ አይያዝ።»

ንጉሡ የንግሥቲቱን ሰይፍ አስመጥቶ ሰጣት። እጁ ከሰይፉ ቶሎ አልተላቀቀም።

መንገድ መሪ የሆናት ሽምጤ የሚባል ሥራ የፈታ መልእክተኛ ነበር። ከጨጓራ በታች ባለችው የሸለቆው መታጠፊያ ይኖራል። የአባቶቹ ሥራ አንድ ነው፤ ቅቤ በመታጠፊያዋ ባለፈ ቁጥር በቀዩ የደም ወንዝ ሮጦ «ቅቤ መጣ» ማለት። ከሐዘኑ አዋጅ ወዲህ አልሮጠም፤ ሆዱም ይህን ይመሰክራል።

«ዘንዶውን ታውቀዋለህ?» አለችው።

«ዳርማ ትሙት አላየሁትም።»

ሐመልማል አፈጠጠችበት።

«ልማድ ነው፣ እቴ» አለ አንገቱን እያሻሸ። «እሺ፣ ሆዴ ይሙት። እርሱ ቢሞት የሚጎዳ የለም።»

በቀዩ ወንዝ ላይ፣ በቀያይ ጀልባዎች መካከል እየተንሳፈፉ ወደ ጉበት ተራራ ወጡ። ተራራው ጠይም ቀይ ነው፤ ይሞቃል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ጓዳ በጓዳ ነው፤ እያንዳንዱ ጓዳ ስድስት ማዕዘን፣ በእያንዳንዱም ሠራተኞች እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ።

«እግራችሁን ጥረጉ!» አለች አንዲት ክንዷ እስከ ብብቷ ድረስ ቢጫ የሆነ ሴትዮ። እመት ዘለቃ ትባላለች፤ የጓዳው አለቃ ናት። «ደግሞ ሰይፍ ይዛችሁ! ምን ልታርዱ ነው?»

«ዘንዶ ፍለጋ ነው፣ እመት» አለ ሽምጤ።

«እዚህ ያለው ሥራ ነው። ዘንዶ ሥራ ይወዳል?»

ሐመልማል ግን ዓይኗ በወለሉ ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነበር። ቀዩ ወንዝ ከጓዳው ዳር ወደ መሐል ይፈስሳል፤ በአጠገቡ ያለችው ቀጭን አረንጓዴ ቦይ ግን አቅጣጫዋ ከመሐል ወደ ዳር ነው። «ቦይዋ ለምን ወደ ኋላ ትሄዳለች?» አለች።

የእመት ዘለቃ ፊት ፈታ አለ። ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። «ወንዙ ዕቃ ያመጣልናል፤ ቦይዋ የሠራነውን ትወስዳለች። ሁለቱ እንዳይደባለቁ መንገዳቸውን ለይተናል። ያረጀ ቀይ ጀልባ ሲሰበር ከእንጨቱ ቢጫ ቀለም ይወጣል። ከውሃ ጋር አይስማማም፤ እኛ ሌላ ነገር አስረንበት እንዲሟሟ እናደርገዋለን። ከስብ ደግሞ መራራ ጨው እናበስላለን። ይህ ሁሉ ተደባልቆ ሐሞት ነው።»

«መራራው ጨው ለምን ይጠቅማል?»

«ቅቤ በውሃ ታጥቦልሽ ያውቃል? ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ። ጨዋችን እንደ ሳሙና ሆኖ ይሰባብረዋል፤ ያን ጊዜ ሸለቆው ይመገበዋል።»

«ታዲያ ያን ያህል ጨው ከየት ታመጣላችሁ?»

«ይመለሳላ! ሥራውን ጨርሶ ከሸለቆው ግርጌ ወደ ተራራችን በሚወጣው ጥቁር የደም ወንዝ ተጭኖ ይመጣል፤ መልሰን እንሰድደዋለን። አዲስ የምናበስለው የጎደለውን ለመሙላት ነው። ዘንድሮ ግን የሚመለስ የለም፤ የሚሄድም የለም። እዪው።»

ቦይዋ እስከ አፏ ሞልታ ቆማለች። በግንቡ ስንጥቅ ቢጫው ጠብ ጠብ እያለ ወደ ቀዩ ወንዝ ይገባል። ሐመልማል ጣቷን ነክራ አየችው። የመስኮቱ ቢጫ ነበር።

«ላይ ሞልቷል፤ ታች ደርቋል» አለች ቀስ ብላ። «ስለዚህ አልተሰረቀም። መሐል ላይ የዘጋው ነገር አለ።»

«ዘንዶው ተኝቶበት ይሆናል» አለ ሽምጤ። «ሐሞቴ ፈሰሰ።»

«የአንተስ ፈሰሰ፤ ወግ ነው። ተነስ።»

ቦዮቹ እየተጋጠሙ፣ እየሰፉ ሄደው አንድ ትልቅ ቦይ ሆኑ። ከዚያ በስተ ጎን አንገቱ የቀጠነ ሐይቅ አለ፤ ግድግዳው እንደ አቁማዳ ይለጠጣል። በሐይቁ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። አባ ርጋ ይባላል፤ ዘር የለው፣ ዘመድ የለው፤ ዕድሜውን ሐይቁን ሲጠብቅ ኖሯል። ሽምጤን ሲያይ በእጁ ዓይኑን ጋርዶ ቀና አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ጠፋህ?»

«የት እጠፋለሁ አባ፣ ቅቤ አልመጣማ።»

«እኔ እኮ ስጠብቅህ ነው የኖርኩት።» ድምፁ የቁጣ አልነበረም። «ወደ ሸለቆው የሚከፈተው በር ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ እኔ ይወጣል። ብዙው በትንሽ ቦታ እንዲቀመጥ ውሃውን እያወጣሁ አወፍረዋለሁ። ‹ቅቤ መጣ› ስትለኝ ሐይቁን እጨምቃለሁ፤ በሩም የአንተን ድምፅ ሰምቶ ይከፈታል። ቀረህ። ነገ ይመጣል እያልኩ ሳወፍር፣ ሳወፍር፣ ረግቶ ጠጠር ሆነ፤ ጠጠሩ አድጎ ድንጋይ። አንዱ ድንጋይ ሾልኮ ወርዶ የተራራው ቦይና የእኔ ቦይ አብረው በሚያልፉበት በር ተሰነቀረ። ዘንዷችሁ እርሱ ነው።»

ሽምጤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ ዜና ነጋሪ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር» አለ። «ተቀምጬ ስስቅ...»

ሐመልማል ሰይፉን አየችው። ድንጋይ አይወጋም። የንጉሡ ጥቁር ልብስ ትዝ አላት፤ ከልብሱ ወደ አዋጁ፣ ከአዋጁ ወደ ድንጋዩ ነገሩ እንደ ቦይ ተያያዘላት። «እንዴት ይወጣል?» አለች።

«በሩ ተከፍቶ፣ እኔም የቀረ ኃይሌን ይዤ ብጨምቅ ይወጣል። በሩ ግን በውሸት አይከፈትም። ቅቤው በእውነት መግባት አለበት።» ወደ ሐይቁ ዞር ብሎ አይቶ ጨመረ፤ «ስትመለሺ ጠንካራ ገመድ አምጪ።»

ሐመልማል ከአፍ በር ውጭ ካሉ ከብት አርቢዎች አንድ ቅል ቅቤ ለምና ገንፎ አገነፋች፤ መሐሉን ጎድጉዳ ከቅቤው አቀለጠችበት። ሽታው በቤተ መንግሥቱ ደጅ ሲያልፍ ጠባቂዎቹ ጦራቸውን ዘንግተው ወደ ጎን አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ንጉሡ።

«እዝን ነው፣ ጌታዬ። ዘግይቷል፤ ይቅርታ ያድርጉልን።»

በኤርጋዝ ሰው የሞተበት ቤት ጎረቤት እህል ይዞ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው እንቢ ቢል እንኳ በግድ ያጎርሰዋል። እዝን ይህ ነው። ወደ ንጉሡ ግን ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም።

«እዝን የሚያመጣ ጎረቤት ነው» አለ ንጉሡ።

«ንጉሥ ጎረቤት የለውም ብለን ፈርተን ቀረን። ያቆሰልንዎ እኛ ነን።» ከዚያም ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ የሞላውን ቦይ፣ ሲጠብቅ የኖረውን ሽማግሌ፣ ድንጋዩን።

ንጉሡ የጥቁር ልብሱን ጫፍ ጨበጠ። «ከበላሁ እረሳታለሁ» አለ።

«እኔም ያንኑ ፈርቼ ነበር። እናቴ ንግሥቲቱ ባረፉበት ወር ሞተች። ጎረቤቶቼ መጥተው አጎረሱኝ፤ ሰደብኳቸው፤ አጎረሱኝ። አልረሳኋትም፣ ጌታዬ። የማለቅስበት ጉልበት ነው ያገኘሁት።»

ከገንፎው ቆርሳ እጇን ዘረጋች። ንጉሥ ደርመን አፉን ከፈተ። ዋጠ፤ ሁለተኛውንም ዋጠ፤ ከዚያ በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀሰው ልቅሶ መጣ። ሲጨርስ ተነስቶ የተረፈውን ቅቤ ከነቅሉ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ወደ አፍ በር ሄደ።

ሽምጤ በመታጠፊያዋ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ነፍቶ ነበር። ሽታው ሲደርሰው ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ተለወጠ። «ጀርባዬ ላይ ውጪ» አላት አጠገቡ ለቆመችው ሐመልማል፤ ገመዱንና ሰይፉን ታጥቃ ወጣች። ያ ሆዳም ሰው በቀዩ ወንዝ እንደ ቀስት ተወረወረ። ትንፋሹ እያፏጨ፣ የዳርማን ልብ አቋርጦ፣ ሳንባዋን ዞሮ፣ ሐይቁ አፍ ላይ ደርሶ ወደቀ።

«አባ ርጋ! ቅቤ መጣ!»

ከታች፣ ለዓመታት የተዘጋው በር ሲንቋቋ ተሰማ።

አባ ርጋ ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣ። «ገመዱን በሐይቁ አንገት አዙሪ» አላት። «ድንጋዩን የሚገፋው ጭመቃ ይህን አሮጌ ግድግዳ ይቀድደዋል። ከዚያ በኋላ የተራራው ሐሞት በአንገቱ ዞሮ ቢገባ በቀዳዳው ወደ ሆዷ ይፈስሳል፤ እርሷም እኛም አንተርፍም። ስለዚህ ባዶ ሲሆን አጥብቀሽ ቋጥሪ፤ ከቋጠሮው ወዲህም፣ በሐይቁ በኩል፣ አንገቱን በሰይፍሽ ቁረጪው።»

«እርስዎስ?»

«የሚጨመቀው ከውስጥ ነው፣ ልጄ።»

«ሌላ መንገድ ይኖራል። እመት ዘለቃን እንጠይቅ፤ እስኪ ቆይ...»

«ጠያቂነትሽ ደስ ይለኛል» አለ፤ ፈገግም አለ። «መልሱ ግን ይህ ነው። ያለ ተራራው ዳርማ አትኖርም። ያለ ሐይቅ ትኖራለች፤ ተራራው ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረገ ያወርድላታል። ለትልቅ ግብር አይበቃም፤ ለኑሮ ይበቃል። እኔ የዘመናት ሥራዬ መጠበቅ ነበር። ይኸው፣ የጠበቅሁት መጣ።»

ወደ ሐይቁ ገባ። ግድግዳው አንዴ ተኮማተረ፤ ሁለተኛም። ወፍራሙ ጥቁር አረንጓዴ ሐሞት በአንገቱ ተገፍቶ ወረደ፤ ከበሩ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ የሚፋተግ የሚመስል ድምፅ መጣ። በሦስተኛው ጭመቃ ዳርማ በእንቅልፏ ጮኸች፤ ድንጋዩም ተፈንቅሎ ወደ ሸለቆው ተንከባለለ። ከኋላው የተራራው ሐሞት ሁሉ ተከትሎ ፈሰሰ፤ ወርቅማ፣ አረንጓዴ፣ የሚያጉረመርም።

የሐይቁም ግድግዳ ተቀደደ።

ሐመልማል ገመዱን ሳበች። ዓይኗ እያነባ፣ መዳፏ እየተላጠ ቋጠረች። ከዚያ ለዘንዶ የተሰጣትን ሰይፍ አነሣች።

መስኮቶቹ ከዳር ጀምረው እየነጡ መጡ። ዳርማ ማከኳን ተወች። በጉበት ተራራ ጨው ይመለሳል፤ እመት ዘለቃ ገቢውንም ወጪውንም እኩል ትቆጣለች። አገሩ ልማዱን ለወጠ፤ ዳርማን በአንድ ጊዜ አያጠግቧትም፤ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ ቅቤውንም በልክ ያጎርሷታል። ሽምጤ ዛሬም ይሮጣል፤ በሩ ድምፁን ይሰማልና። ሐይቁ በነበረበት ቦታ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ፣ ማንም ሳይኖር፣ «አባ፣ መጣ» ይላል።

ሐመልማል ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ዘመድ ለሌለው ሰው የሚያለቅስ ሰው ያስፈልጋል ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እህልም አልቀመሰችም። «ለምን?» ያለችው ሁሉ ተመልሶላታል። የመልሱ ዋጋ ግን ከብዷታል።

በሩ ተንኳኳ። አልተነሣችም። እንደገና ተንኳኳ።

ስትከፍት ንጉሥ ደርመን ብቻውን ቆሟል፤ ነጭ ለብሷል። በሁለት እጁ የያዘው የገንፎ ገበታ ሳያቃጥለው አልቀረም፤ ጣቶቹን ያፈራርቃል።

«ማን ነው?» አለች ከልማድ።

«ጎረቤት ነኝ» አለ ንጉሡ።

ተመልሳ ስትቀመጥ ዝቅ ብሎ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከገንፎው ቆረሰ፤ እጁንም ዘረጋ።