ምድርን ያልነካች ሳንቃ

በወይራምባ መንግሥት፣ በክረምት መግቢያ በዓል ጠዋት፣ የአገሩ በቅሎዎች ሁሉ አንድ እግራቸውን አንስተው እንደ ሽመላ ቆሙ። መሬት መንካት ፈሩ። ሽማግሌዎች ምልክቱን አይተው «ዘንድሮስ ጭፈራው ይቅር» አሉ። ማን ይስማቸው፣ ልጆቼ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ምድሪቱን ሲደልቃት ዋለ።

ከሥር የተኛው ዘንዶ ኮቴበል ያን ጊዜ ነቃ። ኮቴበል ዓይን የለውም፤ የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው፤ ምድር የረገጠውን ሁሉ ተከትሎ ይውጣል። አደባባዩን ሰንጥቆ ወጣና ደመና የሚጠራውን የመንግሥቱን መለከት ከነምሰሶው ነቅሎ ወደ ዝምታ ሸለቆ ይዞት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ጠብ አላለም። ሰባ ጦረኞች ወደ ሸለቆው ወረዱ፤ ሰባዎቹንም ኮቴያቸው አስበላቸው። በመጨረሻ ንጉሥ ሣህለአምባ አዋጅ አስነገሩ፦ «ጨረቃ ስትታደስ አገር ለቀን ወንዝ ወዳለበት እንሄዳለን። መንገዱ የአርባ ቀን ነው። በእግሩ መሄድ የማይችል ይቀራል፤ ፈጣሪ ይሁነው።»

አዋጁ ክፉኛ የወደቀው በአንዲት የአናጢ ልጅ ላይ ነበር። ስሟ ውዲቱ ነው። እናቷ እመት ዘርትሁን ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ ሌላ ዘመድም የላቸው። አገር ለቆ መሄድ ማለት ለውዲቱ እናቷን ለጥም ትቶ መሄድ ማለት ነበር።

ይህች ልጅ ግን እጇ የተባረከ ነበረች። እናቷን ከደጃፍ እስከ ጓሮ ዋርካ የምታደርስ ሳንቃ ሠርታለች፤ ያውም በአየር ላይ የምትሄድ። የዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ ሳቢ ድንጋይ ነው፤ እናንተ ማግኔት የምትሉት። ሁለት ፊት አለው። የተለያዩ ፊቶች ሲገናኙ ይተቃቀፋሉ፤ አንድ ዓይነት ፊቶች ሲገናኙ ግን ይገፋፋሉ። ውዲቱ በመንገዱ ላይ ድንጋዮቹን አንዱን ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርጋ ደረደረች፤ በሳንቃዋ ሆድ ደግሞ ያንኑ ፊት ወደ ምድር አድርጋ አሰረች። ሳንቃዋ አንድ ስንዝር ከፍ አለች።

ከፍ አለች እንጂ አልቆመችም። ወደ ጎን ሾልካ፣ ተገልብጣ፣ ድንጋዩ ላይ ጧ ብላ ተለጠፈች። አርባ ጊዜ ሞከረች፤ አርባ ጊዜ ተገለበጠች። በምስማር የመታቻትን በጠፍርና በእንጨት ችንካር ለወጠች፤ ብረቱን ድንጋዩ እየጎተተ አስቸግሯት ነበርና። በአርባ አንደኛው ገባት። «ድንጋይ ያነሳል እንጂ አይደግፍም» አለች። ከግራና ከቀኝ የእንጨት አጥር አቆመችላት። ያን ቀን እመት ዘርትሁን እንደ ንግሥት ተንሳፍፈው ዋርካው ጥላ ሥር ደረሱ።

ታዲያ አዋጁ በተነገረ ማግስት ውዲቱ ንጉሡ ፊት ቀረበች። «ንጉሥ ሆይ፣ የዝምታ ሸለቆ ወለሉ ሙሉ አንድ ፊቱን ወደ ሰማይ ያዞረ ሳቢ ድንጋይ ነው። ምድር ሳልረግጥ ገብቼ መለከቱን አመጣለሁ።»

ንጉሡ ከነሹማምንታቸው ጓሮዋ ድረስ መጡ። የጦር አበጋዙ ዳምጠው፣ ሲራመድ ጣራ የሚያርገበግብ ግዙፍ ሰው፣ ሳንቃዋን አይቶ ሳቀ።

«ይቺ ምንድን ናት? ሰፌድ?»

ጠጋ ከማለቱ ሰይፉ ከሰገባው ተምዘግዝጎ ወጣና ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ። ሹማምንቱ አፋቸውን ያዙ። ዳምጠው ራሱ ቀድሞ ፈገግ አለ።

«ሰይፌ ከእኔ ቀድሞ ተማረከ። ሁለት ሰው ትችላለች?»

«እኔን ችላለች፣ ጌታዬ» አሉ እመት ዘርትሁን፤ «እኔም ቀላል አይደለሁም።»

ዳምጠው የብረት ጥሩሩን አውልቆ ጣለ። «እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ። ይህችን ልጅ ለእናቷ ሳልመልስ ብቀር የሽማግሌ አባቴ ሽበት ይፋረደኝ።»

ሸለቆው ጠባብ ነው። ውዲቱ ለሳንቃዋ ግራና ቀኝ ግድግዳውን የሚነኩ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ሠራችላት፤ ጫፋቸውን በለሰለሰ ቀንድ ሸፍና ሰም ቀባችው። ሱፍ በተጠቀለለበት ምርኩዝ ግድግዳውን እየገፉ ጎህ ሲቀድ ገቡ። የሰባዎቹ ጦረኞች የራስ ቁር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ሳንቃዋ በዚያ ሁሉ መካከል እንደ ጥላ አለፈች። መለከቱ ከምሰሶው ተላቆ በተኛው ዘንዶ ጉንጭ ሥር ነበር። ውዲቱ ትንፋሿን ውጣ፣ እጇን ዘርግታ አነሳችው።

በመልስ ጉዞ ላይ ኮቴበል በእንቅልፉ ተገላበጠ። ከፊታቸው የግራው ግድግዳ አሥር እርምጃ ያህል ተናደ። የግራው ክንድ የሚደገፍበት አጣ፤ ሳንቃዋ ወደ ክፍተቱ መሾለክ ጀመረች።

«ወርጄ ልደግፍ» አለች በሹክሹክታ።

«አንቺ ከወረድሽ ማን ይመራታል? እኔ የማውቀው መክበድ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሰማዎታል እኮ።»

«ይስማኛ። ሰው ሁሉ ሲሰማው የኖረ እግር ነው።»

ወረደ። ክንዱን በትከሻው ተሸክሞ አሥር እርምጃ ሄደ። በሦስተኛው ምድር አጉረመረመች፤ በሰባተኛው ከኋላ ድንጋይ ይሰነጠቅ ጀመር። በአሥረኛው ክንዱ ዳግመኛ ግድግዳ ነካ። ዳምጠው ሳንቃዋን ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋት፤ እሱም ፊቱን ወደ ሸለቆው ጥልቅ አዙሮ፣ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ምድሪቱን እየደለቀ ሮጠ። ኮቴበል ኮቴውን ተከተለ። ውዲቱ ከሸለቆው አፍ ስትወጣ፣ ዘንዶው እየተወራጨ ያናወጠው ገደል ከነሥሩ ተደርምሶ እሱንና ዳምጠውን አንድ ላይ ቀበረ።

ጨረቃ ልትታደስ አንድ ቀን ሲቀራት አደባባይ ደረሰች። ሕዝቡ ጓዙን አስሮ ቆሟል።

«ሕጉ መለከቱን ያመጣ ይንፋው ይላል» አሉ ንጉሡ። «ንፊው፣ ልጄ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ሳንቃ ነው የሠራሁ። መለከቱን ያመጣው ዳምጠው ነው። አባቱ ይንፉት።»

የዳምጠውን አባት፣ አባ ጓዴን፣ ደግፈው አመጧቸው። ሽማግሌው መለከቱን ዳሰሱት።

«ጥርስ የለኝም እኮ። በድድ ደመና ይጠራል?»

«እንደሆነልዎ፣ አባባ» አለች ውዲቱ።

ነፉት። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ እንደ ጥጃ ጥሪ ያለ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበራቸውም። መለከቱን ዝቅ አድርገው «ሰምቶኝ ይሆን?» አሉ። ደመናውን ይሁን ልጃቸውን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ውዲቱ ብቻ እጃቸውን ይዛ ቆመች።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ራሰ በራ አናታቸው ላይ አረፈች። ከዚያ በአደባባዩ ሙሉ ሰው የጓዙን ገመድ ይፈታ ጀመር።